ስህተት አራሚ ኮዶችን የሚመራመር የኮምፒውተር ሳይንቲስት ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ ራስ ጥያቄ

በስልክ ስንነጋገር፣ ፎቶግራፍ በዲስክ ስናስቀምጥ፣ የኪውአር ምስል በካሜራ ስናነብ በመሀል የሚበላሹ ቢቶች አሉ። አንዳንዱ ዜሮ ሆኖ ተልኮ አንድ ሆኖ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ጭራሹን ይጠፋል። ጉዳቱን የማናየው መልእክቱ ከመነሻው በስሌት የተመረጡ ትርፍ ቢቶች ስለሚታከሉበትና ተቀባዩ በእነርሱ ተመርቶ የተበላሸውን ስለሚያርም ነው። ይህን ማከልና ማረም የሚያጠናው ዘርፍ የኮድ ንድፈ ሐሳብ ይባላል።

መመሪያው በዚህ ዘርፍ ተመራማሪ ሆኖ ለመኖር ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ላለ ተማሪም፣ በሶፍትዌር ሥራ ቆይቶ ወደ ምርምር ለመዞር ለሚያስብ ባለሙያም ያገለግላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የኮዶችን ስም ዝርዝር በቃል መያዝ ለፈተና ይጠቅማል፤ ተመራማሪ የሚያደርገው ግን ከኮዱ አስቀድሞ ስህተቱን መመርመር ነው። ስህተቱ ከየት ይመጣል? በዘፈቀደ ይወድቃል ወይስ በክፉ አሳቢ ይመረጣል? ቦታው ይታወቃል ወይስ አይታወቅም? የዚህ ዘርፍ ትልልቅ ግኝቶች አብዛኞቹ የተወለዱት አንድ ሰው ይህን ጥያቄ ከሌሎች በተሻለ ስለጠየቀ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ ያመራሉ።

ደረጃ 1፦ ከንባብ በፊት አንድ ኮድ በእጅ መፍታት

ሪቻርድ ሃሚንግ በ1940ዎቹ መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ስህተት ሲያገኝ በሥራ ሰዓት ቆሞ ሠራተኛ ይጠብቃል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰው ስለሌለ የያዘውን ስሌት ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ ሰኞ ሲመለስ ሥራው ሳይጠናቀቅ ተጥሎ ያገኘው ነበር። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ማወቅ ከቻለ የስህተቱን ቦታ ለይቶ ለምን ራሱ አያርመውም የሚለው ጥያቄ በ1950 ያሳተመውን ኮድ አስገኘ።

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ሰባት ቦታዎችን ከ1 እስከ 7 ቁጥር ስጧቸው። ቦታ 3፣ 5፣ 6 እና 7 የመልእክቱ ሲሆኑ ቦታ 1፣ 2 እና 4 የማረጋገጫ ቢቶች ናቸው። ሦስት ደንቦች አሉ። በ1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ያሉት ቢቶች ድምር ለሁለት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት፤ በ2፣ 3፣ 6 እና 7 ላይ ያሉትም እንዲሁ፤ በ4፣ 5፣ 6 እና 7 ላይ ያሉትም እንዲሁ። መልእክቱ 1011 ቢሆን ደንቦቹ የማረጋገጫ ቢቶቹን 0፣ 1 እና 0 ያደርጓቸዋል፤ የሚላከው የኮድ ቃልም 0110011 ይሆናል።

አሁን ስድስተኛውን ቢት አበላሹት። የደረሰው 0110001 ነው። የመጀመሪያውን ደንብ ፈትሹ፤ ይስማማል። ሁለተኛው አይስማማም፤ ሦስተኛውም አይስማማም። ያልተስማሙት ደንቦች የሚጀምሩባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም 2ን እና 4ን ደምሩ፤ 6 ይሆናል። የስህተቱ ቦታ ይኸው ነው።

ይህ ስሌት ሲንድሮም ይባላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ሌላ መልእክት መርጣችሁ ያንኑ ስድስተኛ ቢት አበላሹ። መልሱ አሁንም 6 ነው። ሲንድሮሙ የተላከውን መልእክት አያውቅም፤ የሚያውቀው ስህተቱን ብቻ ነው። ፒተር ሾር በ1995 በዘጠኝ ኪዩቢት፣ ማለትም በዘጠኝ የኳንተም ቢት፣ የኳንተም መረጃን የሚጠብቅ ኮድ ሲያሳይ የተደገፈው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። የኳንተም መረጃ በቀጥታ ከተለካ ይበላሻል፤ መረጃውን ሳይነኩ ስህተቱን ብቻ መለካት ግን ይቻላል። በሰባት ቢት ላይ በእርሳስ ያያችሁት ነገር ዛሬ የኳንተም ኮምፒውተር ላቦራቶሪዎች የሚደክሙለት ነገር ነው።

ከዚያ ሁለት ቢቶችን አበላሹ፤ ለምሳሌ 3ኛውንና 6ኛውን። ሲንድሮሙ 5 ይላችኋል። ታዝዛችሁ 5ኛውን ብትቀይሩ ሁለት የነበሩት ስህተቶች ሦስት ይሆናሉ፤ ያገኛችሁት ቃልም ሦስቱንም ደንቦች አሟልቶ ትክክለኛ ይመስላል። ኮዱ አንድ ስህተት ያርማል ሲባል ከአንድ በላይ ሲመጣ በሙሉ ልብ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ይህን በእጁ ያየ ሰው በሁለት የኮድ ቃላት መካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም የሚለያዩባቸው ቦታዎች ብዛት፣ ለምን የዘርፉ ዋና ልኬት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ የሂሳብ መሠረቱን መጣል

አራት ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፦ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ የአልጀብራ መግቢያ በተለይ ውሱን ፊልዶች፣ እና የስልተ ቀመር ትንተና። የግራፍ ንድፈ ሐሳብ አምስተኛ ሆኖ ቢጨመር መልካም ነው።

ሊኒየር አልጀብራን ብዙዎቻችን የምንማረው በተለመዱት ቁጥሮች ላይ ነው። በዜሮና አንድ ብቻ፣ አንድ ሲደመር አንድ ዜሮ በሆነበት ዓለም፣ እንደገና ተማሩት። በዚያ ዓለም 11 የተባለው ቬክተር ለራሱ ቀጤ ነክ ነው፤ ከራሱ ጋር ሲባዛ ዜሮ ይሰጣልና። እንዲህ ያለው እንግዳ ነገር እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከተለመደ በኋላ ግን የኮድ ማትሪክሶች ግልጽ ይሆናሉ።

ውሱን ፊልዶችን ለመልመድ ከሪድ እና ሰለሞን ኮድ የተሻለ መምህር አላውቅም። በ7 ቀሪ እንሥራ፤ ማለትም ከ0 እስከ 6 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ እንጠቀም፤ ውጤቱ 7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለ7 አካፍለን ቀሪውን እንውሰድ። መልእክታችን ሁለት ቁጥሮች፣ 3 እና 2፣ ይሁኑ። ከእነርሱ 3 ሲደመር 2 ጊዜ ኤክስ የሚለውን ቀጥታ መስመር ሠርተን በ0፣ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ላይ ዋጋውን እናስላ። 3፣ 5፣ 0፣ 2፣ 4 እናገኛለን፤ የሚላኩትም እነዚህ አምስቱ ናቸው። በመንገድ ሦስተኛው ተበላሽቶ 3፣ 5፣ 6፣ 2፣ 4 ቢደርስ፣ ከአምስቱ ነጥቦች ቢያንስ በአራቱ የሚያልፍ መስመር ፈልጉ። አንድ ብቻ ታገኛላችሁ፤ እርሱም የመጀመሪያው መስመር ነው።

አሁን ጉዳዩን ጥቂት ለውጡት። ቁጥሮቹ አልተበላሹም እንበል፤ ጠፍተዋል፤ የትኞቹ እንደጠፉም ታውቃላችሁ። በዚህ ጊዜ ከአምስቱ ሦስቱ ቢጠፉ እንኳ በቀሩት ሁለት ነጥቦች የሚያልፈው መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ መልእክቱ ይመለሳል። ያው ኮድ ቦታው ካልታወቀ አንድ ስህተት ብቻ ያርማል፤ ቦታው ከታወቀ ሦስት ጥፋት ይችላል። ኮዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ ስህተቱ ያለን እውቀት ነው።

ኢርቪንግ ሪድ እና ጉስታቭ ሰለሞን ይህን ሐሳብ በ1960 ያሳተሙት አምስት ገጽ ብቻ በሆነ ጽሑፍ ነው። ትላልቆቹን ኮዶች በፍጥነት የመፍታት ዘዴ የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ በኤልዊን በርሌካምፕ እና በጄምስ ማሲ ሥራ ሲሆን፣ ሐሳቡ በሲዲ አማካይነት በየቤቱ የገባው በ1982 ነው።

በዚህ ደረጃ የማያስፈልጋችሁንም ልጠቁም። አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ውብ ነው፤ በ1982 ስፋስማን፣ ቭላዱት እና ዚንክ በዚህ ትምህርት ተደግፈው የፊደሎቹ ብዛት 49 ወይም ከዚያ በላይ በሚሆንባቸው አንዳንድ ሁኔታዎች በዘፈቀደ ከተመረጠ ኮድ የሚበልጡ ኮዶች እንዳሉ አሳይተዋል። ሆኖም የሚያስፈልጋችሁ ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ አቆዩት። ሁሉንም ሂሳብ ከጨረስኩ በኋላ ምርምር እጀምራለሁ የሚል ሰው አይጀምርም።

ደረጃ 3፦ ስህተቱን ማወቅ

የዘርፉ ልብ እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሁለት የቆዩ አመለካከቶች አሉ። ክሎድ ሻነን በ1948 ስህተትን በዘፈቀደ የሚወድቅ አድርጎ አየው። መረጃው በሚያልፍበት የመገናኛ መስመር እያንዳንዱ ቢት በተወሰነ ዕድል ይገለበጣል፤ በዚያ መስመር ላይ መረጃ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያልፍበት የመጨረሻ ምጣኔ፣ ማለትም የመስመሩ አቅም፣ ይሰላል። ከመቶ ቢት በአማካይ 11 በሚገለበጡበት መስመር አቅሙ ግማሽ ያህል ነው፤ አንድ የመልእክት ቢት በአስተማማኝ ሁኔታ ለማድረስ በአማካይ ሁለት ቢት መላክ ያስፈልጋል። ሃሚንግ በበኩሉ ስህተቱ የት እንደሚወድቅ አልጠየቀም፤ ከተወሰነ ቁጥር እስካልበለጠ ድረስ የትም ቢወድቅ ማረም አለብኝ አለ። ይህ ቢቶቹን እየመረጠ የሚያበላሽ ጠላትን የመቋቋም ያህል ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰፊ ነው። በሻነን ዓለም ወደ ወሰኑ የሚያደርሱ ኮዶች ዛሬ አሉን። በሃሚንግ ዓለም ለሁለትዮሽ ኮዶች በርዝመትና በርቀት መካከል ያለው ከሁሉ የተሻለ ሚዛን የት እንደሆነ አሁንም አይታወቅም። በ1950ዎቹ ጊልበርት እና ቫርሻሞቭ ከታች ያስቀመጡት ወሰን እና በ1977 አራት ተመራማሪዎች ከላይ ያስቀመጡት ወሰን አልተገናኙም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የዘርፉ ትልቅ ያልተፈታ ጥያቄ ነው።

ሌሎች ስህተቶችም አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን የምርምር ዘርፍ ፈጥረዋል።

ሲዲ ሲጫር የሚበላሹት ቢቶች ጎን ለጎን የሆኑ ብዙ ናቸው። መፍትሔው የኮድ ቃላትን ፊደሎች አራርቆ ማሰባጠር ነው፤ አንድ ጭረት ከብዙ ቃላት ጥቂት ጥቂት ይወስዳል እንጂ አንዱን ቃል አያጠፋም። በዚህ ዘዴ በዱካው ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይታረማል።

በትልልቅ የመረጃ ማከማቻዎች ደግሞ ዋናው ችግር ሙሉ ዲስክ መጥፋቱ ነው፤ የትኛው ዲስክ እንደጠፋም ይታወቃል። የሪድ እና ሰለሞን ኮድ ለዚህ በቂ ይመስላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው አንድ ዲስክ ብቻ ሲሆን፣ እርሱን ለመመለስ ብዙ ዲስኮችን ማንበብ ውድ ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2012 የገለጹት፣ አዙር በተባለው የኩባንያው የመረጃ ማከማቻ የሚሠራው ኮድ ለ12 የመረጃ ክፍሎች 4 ማረጋገጫዎችን ያክላል፤ ከአራቱ ሁለቱ የየግማሹ ጠባቂዎች ስለሆኑ አንድ የመረጃ ክፍል ሲጠፋ 12 በማንበብ ፈንታ 6 ማንበብ ይበቃል። ጥያቄው ስንት ስህተት ይታረማል ከሚለው ተነሥቶ የዘወትሩን ስህተት ለማረም ምን ያህል ማንበብ ያስፈልጋል ወደሚለው ዞረ፤ ከዚያም በርካታ የዶክትሬት ሥራዎች ወጡ።

ከሁሉ አስቸጋሪው ቢት ሲጠፋና የጠፋበት ቦታ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። 0110 ተልኮ 010 ቢደርስ ተቀባዩ ቀሪዎቹ ሁሉ እንደተንሸራተቱ አያይም። ቫርሻሞቭ እና ቴኔንጎልትስ በ1965 ያወጡት ኮድ አንድ እንዲህ ያለ መጥፋት እንደሚያርም ሌቨንሽታይን አሳየ። ከዚያ ወዲህ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ እያንዳንዱ ቢት በተወሰነ ዕድል የሚጠፋበት መስመር አቅም በትክክል ስንት እንደሆነ አልታወቀም። በዲኤንኤ ሞለኪውል ላይ መረጃ የማስቀመጥ ሙከራ ሲጀመር ይህ የቆየ ጥያቄ እንደገና ትኩስ ሆነ፤ ዲኤንኤ ሲሠራና ሲነበብ ፊደሎች ይጠፋሉ፣ ይጨመራሉም።

የዚህ ደረጃ ሥራ የሚከተለው ነው። የምታውቁትን ወይም የምታነቡትን አንድ መሣሪያ ምረጡና ስህተቱ በአካል እንዴት እንደሚፈጠር በአንድ ገጽ ጻፉ። ከዚያ በሌላ ገጽ ወደ ሂሳብ ቀይሩት፤ የትኛውን እውነታ እንደተዋችሁና ለምን እንደተዋችሁም አስፍሩ። ጥሩ የምርምር ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለቱ ገጾች መካከል በቀረው ነገር ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ በኮምፒውተር መሞከር

በፓይተን ጀምሩ፤ ፍጥነት ሲያስፈልግ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ተሻገሩ። ለውሱን ፊልዶችና ለአልጀብራ ሴጅማዝ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል።

የመጀመሪያው ፕሮግራም የሃሚንግ ኮድ ይሁን። እያንዳንዱ ቢት በ0.01 ዕድል የሚገለበጥበትን መስመር አስመስሉ፤ ቃሉን ላኩ፣ አበላሹ፣ ፍቱ፣ ስንቱ በስህተት እንደተፈታ ቁጠሩ። ሙከራው ከመካሄዱ በፊት መልሱን በወረቀት አስሉት። በሰባት ቢት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ስህተት የመውደቅ ዕድል 0.00203 ያህል ነው። ፕሮግራማችሁ ከዚህ በግልጽ የራቀ ቁጥር ከሰጠ የጻፋችሁትን ፕሮግራም እንደገና መርምሩ። ይህን ልማድ ለዘለቄታው ያዙት፤ መልሱ በሚታወቅበት ቦታ ያልተፈተነ ፕሮግራም መልሱ በማይታወቅበት ቦታ አይታመንም።

ያለ ኮድ አራት ቢት ቢላክ ቢያንስ አንዱ የመበላሸት ዕድሉ 0.0394 ነው። ኮዱ ሃያ እጥፍ ያህል የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በአራት ፈንታ ሰባት ቢት ልኳል። ንጽጽሩ ፍትሐዊ የሚሆነው ለአንድ የመልእክት ቢት የሚወጣውን ጉልበት እኩል ስታደርጉ ነው። ጀማሪዎች ይህን ስለሚዘነጉ ከእውነታው በላይ የሚያምሩ ሥዕሎችን ያወጣሉ።

በሥዕሉ ላይ ለምታስቀምጡት ለእያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ መቶ ያህል የተሳሳቱ ቃላት እስኪሰበሰቡ ጠብቁ። የስህተት ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ከሆነ መቶ ሚሊዮን ቃላት መላክ አለባችሁ ማለት ነው፤ ፈጣን ፕሮግራም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ኮዶች እስከ አንድ ቦታ በፍጥነት ይሻሻሉና ከዚያ የሥዕሉ መስመር ይጋደማል። ይህ መጋደም የሚታየው በትዕግሥት ለጠበቀ ሰው ብቻ ነው፤ ለዲስክ አምራች ግን የኮዱን ዕጣ የሚወስነው እርሱ ነው።

ደረጃ 5፦ የጥናት ጽሑፎችን ማንበብ

በዘርፉ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከመታተሙ በፊት አርካይቭ በተባለው ክፍት ማኅደር ላይ በነጻ ይገኛል። አንድ ጽሑፍ ስታነቡ ከመጀመሪያው ገጽ ወደ መጨረሻው አትሂዱ። መጀመሪያ የስህተቱን ሞዴል ፈልጉ። ቀጥሎ ዋናውን ቲዎረም ፈልጉና ለትንሿ ምሳሌ ምን እንደሚል በራሳችሁ ቁጥሮች ጻፉት። ማረጋገጫውን ከማንበባችሁ በፊት ለብቻችሁ ሞክሩት፤ ባይሳካም የደራሲው ሐሳብ የቱ ላይ እንደገባ ታያላችሁ።

የቆዩ ጽሑፎችን አትናቁ። ሮበርት ጋላገር በኤምአይቲ በ1960 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራ ጥቂት አንዶች ብቻ ባሉት የማረጋገጫ ማትሪክስ፣ ማለትም ደንቦቹ በሚጻፉበት ሠንጠረዥ፣ የሚገለጹ ኮዶችን አቀረበ፤ ቢቶቹና ደንቦቹ እርስ በእርሳቸው ግምት እየተለዋወጡ ስህተቱን የሚያርሙበትን ዘዴም ሰጠ። የዘመኑ ኮምፒውተሮች ለዚያ አቅም አልነበራቸውም፤ ሥራውም ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። በ1993 ክሎድ ቤሩ እና ባልደረቦቹ ተርቦ ኮዶችን ይዘው መጥተው ወደ ሻነን ወሰን እጅግ እንደቀረቡ ሲያሳዩ ዘርፉ ነቃ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዴቪድ ማካይ እና ራድፎርድ ኒል የጋላገርን ኮዶች እንደገና አገኟቸው። ዛሬ የአምስተኛው ትውልድ ሞባይል መረጃ የሚያልፍባቸው ኮዶች የዚያ ቤተሰብ ናቸው። የጋላገር ተማሪ የነበረው ኤርዳል አሪካን በ2009 ያሳተማቸው ፖላር ኮዶች ደግሞ በዚያው ሥርዓት የቁጥጥር መልእክቶችን ይጠብቃሉ።

ደረጃ 6፦ የምትቆሙበትን ቦታ መምረጥ

ዘርፉ አንድ ስም ይኑረው እንጂ ሰዎቹ በተለያዩ ክፍሎች ይቀመጣሉ። የቲዎሪ ሰዎች ከስሌት ውስብስብነት ጋር ያያይዙታል፤ በ1997 ማዱ ሱዳን የስህተቶቹ ብዛት ከኮዱ ርቀት ግማሽ ሲያልፍ አንድ መልስ በመስጠት ፈንታ አጭር የመልሶች ዝርዝር በፍጥነት ማውጣት እንደሚቻል ያሳየበት ሥራ ከዚህ ወገን ነው። የመገናኛ መሐንዲሶች በቺፕ ላይ የሚሠራ፣ ጉልበት የማይበላ ኮድ ፈቺ ይፈልጋሉ። የምስጠራ ሰዎች የችግሩን ክብደት ራሱን ይጠቀሙበታል። ማንኛውንም ሊኒየር ኮድ (የኮድ ቃላቱ ሲደመሩ ሌላ የኮድ ቃል የሚሰጡበትን) በጥሩ ሁኔታ መፍታት ከባድ እንደሆነ በ1978 ተረጋግጧል፤ በዚያው ዓመት ሮበርት ማክኤሊስ በዚህ ክብደት ላይ የቆመ ምስጠራ አቀረበ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የኳንተም ኮምፒውተርን ይቋቋማሉ ብሎ ከመረጣቸው መንገዶች አንዱ፣ በ2025 የተመረጠው ኤችኪውሲ፣ በኮዶች ላይ የተመሠረተ ነው።

ምርጫው የጠባይ ጉዳይ ነው። ማረጋገጫ እስኪገኝ ወራት መጠበቅ የማይከብደው ወደ ቲዎሪ ይሂድ። የሚሠራ ነገር ማየት የሚያስደስተው ወደ ቺፕና ማከማቻ ይሂድ። ፊዚክስ የሚወድ የኳንተም ኮዶችን ይመልከት፤ በአሁኑ ሰዓት ከፍተኛ እንቅስቃሴ ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ ዶክትሬትና አማካሪ

ተመራማሪ ሆኖ ለመቀጠር በአብዛኛው ዶክትሬት ያስፈልጋል። ለሚሆን አማካሪ ስትጽፉ ደብዳቤያችሁ አጭር ይሁን። ካሳተማቸው ሥራዎች አንዱን አንብባችሁ አንድ ተጨባጭ ነገር ጻፉ፦ ቲዎረሙን በትንሽ ምሳሌ ፈትሼ ይህን አገኘሁ፣ ይህ ቅድመ ሁኔታ ቢነሣ ምን ይሆናል? የሚል። እንዲህ ያለ ሁለት መስመር ከረጅም የምስጋና ዝርዝር ይልቅ ይነበባል።

ከመወሰናችሁ በፊት የቀድሞ ተማሪዎቹን አነጋግሩ። በስንት ዓመት ጨረሱ? ጥያቄዎቹን የሚያመጣው ማን ነው? ሲጨርሱ የት ሄዱ? አንድ ሌላ ነገርም እወቁ፤ በቲዎሪ ጽሑፎች የደራሲዎች ስም በፊደል ቅደም ተከተል ይጻፋል፣ በምህንድስና ግን ብዙውን ጊዜ በአስተዋጽኦ ነው። ሁለቱን ባህል የሚያቀላቅል ቡድን ውስጥ ከገባችሁ ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ መያዝ

ለመጀመሪያ ሥራ ታላላቆቹን ያልተፈቱ ጥያቄዎች አትያዙ፤ ግን እወቋቸው። ለምሳሌ ርዝመቱ 72፣ የመልእክት ቢቶቹ 36፣ ርቀቱ 16 የሆነ፣ ለኮድ ቃላቱ ሁሉ ቀጤ ነክ የሆኑት ቃላት ስብስብ ራሱ ኮዱ የሆነበት ሁለትዮሽ ኮድ አለ ወይስ የለም? ጥያቄው በ1973 ቀረበ፤ መልስ አላገኘም። አንድ መስመር የማይሞላ ጥያቄ ነው፤ የሚያስፈልገው ፍለጋ ግን ለኮምፒውተር ከአቅም በላይ ሰፊ ነው።

ለጀማሪ የሚስማማው የታወቀ ውጤት አንድ ቅድመ ሁኔታ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ነው። ስህተቱ በእኩል ዕድል ፈንታ ከዜሮ ወደ አንድ ብቻ ቢሄድስ? መጥፋትና መገልበጥ አብረው ቢመጡስ? ከዚያ ትንንሾቹን ሁኔታዎች በኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ መርምሩ፤ ርዝመት 4፣ 5፣ 6፣ 7። የምታገኟቸውን ቁጥሮች በሠንጠረዥ አስቀምጡና ሥርዓት ፈልጉ። ግምት ሲወለድ ለማረጋገጥ ከመሮጣችሁ በፊት ለማፍረስ ሞክሩ፤ ርዝመት 8 ላይ የሚፈርስ ግምት ወራትን ከከንቱ ድካም ያድናል።

ሥራው ሲቆም፣ መቆሙም አይቀርም፣ የስህተቱን ሞዴል አቅልሉት። መገልበጥ ካስቸገረ በቦታው የሚታወቅ መጥፋትን ሥሩ። የሪድ እና ሙለር ኮዶች አቅም ላይ እንደሚደርሱ ለረጅም ጊዜ ሲጠረጠር በመጀመሪያ የተረጋገጠው ለመጥፋት መስመር ነው፤ በሚገለብጥ መስመር ላይ የተደረሰው ከዚያ ዓመታት በኋላ ነው። እነዚህ ኮዶች ያኔም አዲስ አልነበሩም፤ ማሪነር 9 በ1971 ከማርስ ምስሎችን ሲልክ ስድስት ቢቶችን ወደ 32 የሚያሰፋና ሰባት ስህተት የሚያርም የዚህ ቤተሰብ ኮድ ተጠቅሟል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት በሥራ ላይ የነበረ ኮድ እንዲህ ያለ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ መቆየቱ ይህን ዘርፍ ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ደረጃ 9፦ መጻፍና ማቅረብ

በመረጃ ንድፈ ሐሳብ ወገን ዋናው ዓመታዊ ጉባኤ አይኤስአይቲ ነው፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ቲዎሪ ወገን ስቶክ እና ፎክስ ናቸው። አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር የሚያሳትመው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ጆርናል ግምገማ ጥልቅ ነው፤ ከዓመት በላይ ሊወስድም ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ጆርናሉ ስትልኩ በአርካይቭም አስቀምጡት።

በመግቢያው የስህተቱን ሞዴል በመጀመሪያው አንቀጽ ተናገሩ። ውጤታችሁን ከቀደሙት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አወዳድሩ፤ የሌሎቹ ኮድ የሚበልጥበትን ሁኔታም ጨምሩበት። የሲሙሌሽን ፕሮግራማችሁን ሌላ ሰው ሊያስኬደው በሚችል መልኩ ክፍት አድርጉ። ገምጋሚ አልገባኝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጽሑፉ ነውና ያንን ገጽ እንደገና ጻፉት።

ደረጃ 10፦ ከዶክትሬት በኋላ

በዩኒቨርሲቲ ለመቅረት የሚፈልግ ሰው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት መሥራቱ የተለመደ ነው። ከአማካሪያችሁ የተለየ የስህተት ሞዴል ወደሚያጠና ቡድን ብትሄዱ ይሻላል፤ ቅጥር ኮሚቴ የሚፈልገው የራሱ ጥያቄ ያለው ሰው ነው።

በኢንዱስትሪ በኩል የሞባይል፣ የሳተላይት፣ የዲስክ መቆጣጠሪያ ቺፕና የኳንተም ኮምፒውተር ኩባንያዎች የኮድ ባለሙያ ይቀጥራሉ። እዚያ የሚጠየቀው ኮድ ፈቺውን በጥቂት ቢት ትክክለኛነት ብቻ በሚያሰላ ሃርድዌር ላይ ማስኬድ ነው። በወረቀት ላይ የነበረው ጥራት በቺፕ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር ማሳየት የሚችል ሰው ይፈለጋል፤ ስለዚህ በትምህርት ላይ ሳላችሁ ቢያንስ አንድ ኮድ ፈቺ ከአስርዮሽ ቁጥር ወደ ስድስት ቢት ቁጥር አውርዳችሁ ልዩነቱን ለኩ።

ሦስተኛ መንገድ የደረጃ ዝግጅት ሥራ ነው። የአምስተኛው ትውልድ ኮዶች በ2016 የተመረጡት ኩባንያዎች በሚወከሉበት፣ የሞባይል ደረጃዎችን በሚያወጣው የሥሪጂፒፒ ስብሰባ ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሂሳብ ውበት ብቻውን አያሸንፍም፤ የቺፑ ስፋት፣ የሚወስደው ጊዜ፣ የፓተንት ይዞታና የድርድር ችሎታ አብረው ይመዘናሉ። ወደዚህ የምታዘነብሉ ከሆነ ፓተንት የሚገባው ሐሳብ ሲኖራችሁ ማመልከቻውን ከማሳተማችሁ በፊት አስገቡ፤ በብዙ አገሮች ሕግ ለሕዝብ የተገለጠ ሐሳብ ከዚያ በኋላ ፓተንት ላያገኝ ይችላል። በአርካይቭ ላይ ማስቀመጥም እንደ ማሳተም ይቆጠራል።